ናይትሮጅን ሆይ፣ ምነው ብትላቀቅ!

የእህል ጠላቶቼን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር፦ ዋግ፣ በረዶ፣ ዝንጀሮ፣ ተምች፣ የጎረቤት በሬ። በስተርጅና ደግሞ አልሙኒየም የሚባል በዓይን የማይታይ ጠላት መጣብኝ።

ጉዱን የነገረችኝ ደብረ ማርቆስ ኬሚስትሪ የምትማረው የልጅ ልጄ ናት። ለፋሲካ ይጁቤ መጥታ፣ ዶሮ ወጡ ሳይወርድላት፣ «አባባ፣ አፈራችሁ ኮምጥጧል» አለች። ማን ቀምሶት ነው! ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ወደ አባይ ወሰደው፤ ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ሄደ፤ ወደ መሬቱ የተመለሰ የለም ትላለች። ኩበቱን የማነድደው እኔ አይደለሁም፤ አያቷን ትጠይቅ።

አፈር ሲኮመጥጥ፣ ፒኤች የሚሉት ልኬት ከ5.5 ሲወርድ፣ ድንጋይና ጭቃ ውስጥ ታስሮ የኖረው አልሙኒየም ይሟሟል። የስንዴውን ሥር ያቆረቁዛል። አልበቃው ብሎ በዕዳ የገዛሁትን ማዳበሪያ ሲያገኝ ፎስፈረሱን ከነኦክስጅኑ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል፤ ልክ የጎጃም ሰው ርስቱን እንደሚይዝ። ብረትም ያግዘዋል። ስንዴው እዚያው አጠገብ ቆሞ ይራባል። ከፋይ እኔ፣ በሊታ አልሙኒየም!

እሺ፣ እሱስ ወንበዴ ነው። ናይትሮጅንን ምን ልበለው? ከአየሩ 78 በመቶው እሱ ነው፤ ማሳዬ ላይ ከጧት እስከ ማታ ይንጎማለላል። ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚኖር። አንዱ አቶም ሦስት ኤሌክትሮን ያዋጣል፣ ሌላውም ሦስት፤ ስድስቱን በጋራ ይዘው በሦስት ትስስር ይቆላለፋሉ። ውሃ ውስጥ ኦክስጅን እያንዳንዱን ሃይድሮጅን የሚይዘው በአንድ ትስስር ነው፤ እነዚህ በሦስት! ስንዴዬ ምን ጥፍር አላት፣ ፈልቅቃ ትብላው?

ፈልቃቂው የተገኘው ጀርመን አገር ነው። ፍሪትዝ ሃበር የሚባል ሰው በ1909 እ.ኤ.አ. በብርቱ ሙቀትና ግፊት ናይትሮጅኑን አላቅቆ ከሃይድሮጅን ጋር አያይዞ አሞኒያ አወጣ። ዛሬም ፋብሪካው 400 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይግላል። ያ አሞኒያ ዩሪያ ሆኖ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ከራሴ በላይ የነበረውን አየር በኩንታል ገዛሁት ማለት ነው! ሊያውም ቶሎ አፈር ካላለበስሁት እንደገና አሞኒያ ሆኖ ይበንናል። ውለታ ቢስ!

ማንም የማያከብራት ባቄላ ግን ሥሯ ላይ ባስጠጋቻቸው ባክቴሪያዎች ያንን ቁልፍ ያለ እሳት ትከፍተዋለች። አባቶቼ ባቄላና ስንዴ ሲያፈራርቁ ኬሚስትሪ ያስተማራቸው የለም። የዛሬ ጎረምሳ ባቄላ ዝራ ቢሉት ተሰደብሁ ይላል።

ለኮምጣጣው አፈር መድኃኒቱ ኖራ ነው አለች የልጅ ልጄ። ኖራው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ኮምጣጣውን ሃይድሮጅን ይዞ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ አልሙኒየሙም ከኦክስጅንና ከሃይድሮጅን ጋር ተያይዞ አርፎ ይቀመጣል። ደስ አለኝ። ስንት ይበቃል ብላት፣ እንደ አፈሩ ነው፣ ለሄክታር 20ም 30ም ኩንታል ሊፈጅ ይችላል አለች። አህያዬ ጆሮዋን ጣለች።

«እርስዎም እኮ አባባ፣ ተያይዘው የቆሙ አቶሞች ነዎት» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች።

«ታዲያ ጉልበቴን ማን ፈታው?»

«እሱን ገና አልደረስንበትም» አለችኝ።