ሸክም የሌለበት ማገር

ጎልማሳ ሰው ምላጭና ኮላ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ጎጆ ሲያቆም ቢገኝ እኛ ዘንድ ፍርዱ አይዘገይም፤ ሥራ ፈት ነው። ጎጆዋ የምትቆመው ጠረጴዛ ላይ በሚሽከረከር የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ ዳር መሆኑ ሲታወቅማ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበል ይመክራል። ፈረንጆች ግን ለዚህ ሥራ ማኅበር አቋቁመዋል፤ መጽሔትም ያሳትማሉ። ከመካከላቸውም የሚከበረው ተቆራርጦ በካርቶን የመጣ ቤት ገዝቶ የሚገጣጥመው አይደለም፤ ከጥሬ እንጨት ተነስቶ እያንዳንዱን ምሰሶ በእጁ የሚያበጀው ነው። እኔ ደግሞ የምለው ይህ ሙያ ከጀርመን ተጭኖ የሚመጣልን አይደለም ነው። ላስታ ውስጥ ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ኖሯል። ከአለት በተፈለፈለችው በገነተ ማርያም ላይ የጎደለው ባቡሩ ብቻ ነው።

ማስረጃ አምጣ መባሌ አይቀርም። መጀመሪያ ግን ሞዴል ምን እንደሆነ እንስማማ። ብዙ ሰው ሞዴል ማለት ትልቁን ማሳነስ ይመስለዋል። ማሳነስማ የኪራይ ቤት አከራዮችም ይችሉበታል። ሞዴል ማለት አንዱን ቁስ የሌላውን መልክ ማልበስ፣ ሲያለብሱም ሥራ የፈታውን ክፍል ሳይቀር አለመዝለል ነው። በእውነተኛው የአክሱም ግንብ ውስጥ የእንጨቱ ጫፍ ወደ ውጭ የሚወጣው ግድግዳውን ጠፍሮ ስለሚይዝ ነው። በሞዴሉ ላይ ምንም አይጠፍርም፤ ቢተው የሚወድቅ ነገር የለም። ሞዴል ሠሪው ግን አይተወውም። አክሱም ሄዳችሁ ሐውልቶቹን እዩ። ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 የተመለሰው 24 ሜትር ይረዝማል፤ ወለል በወለል የተደራረበ ፎቅ መስሎ ተቀርጿል፣ መስኮት አለው፣ ባለሙያዎች «የዝንጀሮ ራስ» የሚሏቸው ክብ የእንጨት ጫፎችም ተደርድረውለታል፤ እንጨት ግን አንድም የለበትም። ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ደግሞ 33 ሜትር ነው፤ አሥራ ሦስት ፎቅ፣ ተከራይ የሌለው። ከሐውልቶቹ ግርጌ በር አለ፤ በሩ አይከፈትም፤ አይከፈትም ተብሎ ግን ቁልፉ አልተዘለለም። የማይከፈት በር ላይ ቁልፍ የቀረጸን ሰው ከሞዴል ሠሪ ሌላ ምን ትሉታላችሁ?

ወደ ላስታ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ የቆመው ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛግዌ ዘመን የደረሰን ነው፤ ጥቁር እንጨትና ነጭ ልስን እየተፈራረቀ የተነባበረ፣ ማገሩ በእውነት ማገር የሆነ ሕንፃ። ቀጥሎ ላሊበላ ወርዳችሁ ቤተ አማኑኤልን ተመልከቱ። ያው ገባ ወጣ ያለ ግድግዳ ነው፤ ያው በመስኮቱ ማዕዘን ጎልቶ የሚወጣ የእንጨት ጫፍ ነው፤ ልዩነቱ ሁሉም አንድ አለት መሆኑ ነው። አለት ማገር አይፈልግም። ፈልፋዩ ግን ማገሩን ቀረጸለት። ቤተ ጊዮርጊስም ከታች የደረደራቸው መስኮቶች ብርሃን አያስገቡም፤ ለወጉ ነው ያሉት። ከሁሉም የሚያስገርመኝ ራሷ ገነተ ማርያም ናት። በይኩኖ አምላክ ዘመን፣ ማለትም ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራች ስትሆን የንጉሡም ሥዕል በውስጧ አለ። ዙሪያዋን በምሰሶ የተከበበችው በላሊበላው ቤተ መድኃኔዓለም አምሳል ነው ይባላል፤ ቤተ መድኃኔዓለም ደግሞ የጥንቷን አክሱም ጽዮንን አስመስሎ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እንግዲህ ገነተ ማርያም የሞዴል ሞዴል ናት ማለት ነው። ምሰሶዎቿም አልቆሙም፤ ዙሪያቸው ተጠርቦ ሲወጣ ተረፉ እንጂ። ከባዶ መሥራት ሲባል ፈረንጁ እንጨት እየቆረጠ ይጨምራል፤ የላስታ ሰው የማይፈለገውን እየቀነሰ ቤት ያገኛል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቆጪዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያንን ከመጫወቻ ጋር ማወዳደር ድፍረት ነው ይላል። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ቤተ ክርስቲያን አይቁም፤ የምዋሰው እጁን ነው። ልዩነቱም አይጠፋኝም፤ ንጉሥ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያንጽ መላእክት በሌሊት ያግዙት እንደነበር ይተረካል፤ የክብሪት ጎጆ ሠሪ ግን በሌሊት የሚጎበኘው የመብራት መቋረጥ ብቻ ነው። ሁለተኛው ተቆጪ፣ በካርቶን የሚሸጠው እያለ ለምን ይደከማል ባይ ነው። ፋለር የሚባል የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በዚህ ገበያ ይኖራል፤ ሥራው ያማረ፣ የጥቁር ደን ቤቶቹ ከእውነተኛው የሚያስቀኑ ናቸው። ነገር ግን የጀርመንን ጣቢያ ገዝቶ የወልድያው ሐራ ገበያ ብሎ መሰየም፣ በረዶ እንዲያንሸራትት የሾለውን ጣሪያ ላስታ ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ለአገሩም ለጣሪያውም አይሆንም። ደግሞስ ፋለርን ማማ ስጠኝ ብትሉት ከየት ያመጣል?

ማማ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የገነተ ማርያምን አካባቢ ለሚያሳይ ጠረጴዛ አንዲት ትንሽ የእንጨት ሥራ ምረጥ ብባል ከዚህ የተሻለ አላገኝም። የላስታ ባለ ፎቁ ክብ ቤት የድንጋይ ነው፤ ማማ ግን ከእግር እስከ ራሱ እንጨት፣ ልጥና ሣር ነው። ወደ ቆላው ወረድ ሲባል ማሽላ መሐል አራት እግሩን ተክሎ፣ ላዩ ላይ አንድ ልጅና አንድ ወንጭፍ ይዞ ይታያል። የባቡር ሞዴል ከሁሉ በላይ የተለመደው ልኬት አንድ ለ87 ነው፤ ሁሉን ነገር ለ87 እያካፈላችሁ መኖር ነው። 1 ሜትር ከ70 የሚሆን ሰው 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ማማ ሦስት ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ስቴኪኒ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢወፍር በእውነቱ ዓለም 17 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ግንድ ነው፤ ልኩስ ልክ ነው፣ ችግሩ ቀጥ ማለቱ ነው። ማሳ ላይ የሚተከል እንጨት ቀጥ ብሎ አያውቅም፤ ቀጥ ያለውን ለቤት ወስደውታል። ስለዚህ ለማማ ጭራሮ ይሻላል፣ ያውም ጫፉ በተፈጥሮው ባላ የሆነ፣ አግዳሚውን የሚቀበል። ማስመሪያ እዚህ ጠላት ነው።

ከዚያ ማሰሩ ይመጣል። ማማ ሚስማር አያውቅም፤ በልጥ ይታሰራል። የልብስ ስፌት ክር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በ87 ሲባዛ ሁለት ጣት የማይሞላ ልጥ ይሆናል፤ ከዚህ የቀረበ ነገር አይገኝም። ኮላው ይይዘዋል ብሎ ክሩን የተወ ሰው ማማውን አቁሟል፤ ሞዴል ግን አልሠራም። ክሩ ሸክም የለበትም፤ የአማኑኤል ማገርም አልነበረበትም። እንጨቱን የቡና አተላ ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው፤ አዲስ የተቆረጠ መስሎ ማሳ ላይ የሚያብረቀርቅ ማማ ወፍ አያባርርም። መደቡ ላይ ደግሞ የወንጭፍ ድንጋይ ክምር ያስፈልጋል። አንዲት የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ናት፤ ይህም በልኬቱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጭብጥ የምትሞላ ድንጋይ ነው። ቀይ ጤፍ ይሁን፤ የገነተ ማርያም አለት ወደ ቀይ የሚያደላ ስለሆነ መልኩ ይገጥማል። ነጭ ጤፍ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዋጋውም አያስጫውትም። ሃያ ፍሬ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ልጁ ጦር ሜዳ ያለ ይመስላል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይምጣ፤ ባቡር በሌለበት የባቡር ሞዴል? ይህ ክርክር የሚመስለውን ያህል አይከብድም። ፈረንጆች ከሚሠሯቸው ሞዴሎች ብዙዎቹ ሐዲዳቸው ከተነቀለ ዘመን ያለፋቸው ወይም ከናካቴው ተዘርግተው የማያውቁ መስመሮች ናቸው፤ የሞተ ባቡር ከተፈቀደ ያልተወለደውን ማን ይከለክላል? የኛው ደግሞ ጭራሽ ያልተጸነሰ አይደለም። የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ እ.ኤ.አ. በ2012 የተዋዋለበት መስመር ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለ87 ሲካፈል 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ይመጣል፤ ይህም ጠረጴዛ ላይ ያለው የሐዲድ ስፋት ራሱ ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው፣ ባለ አንድ ሜትር ስለነበር ጠባብ ሐዲድ ይፈልጋል። ወልድያ ግን በሱቅ ሐዲድ ይደረስባታል።

ከወልድያ ወደ ላስታ መውጣቱ ነው ጉዱ። ባቡር ዳገት ይፈራል፤ በየመቶ ሜትሩ ሁለት ሜትር ከፍ በል ብትሉት እያቃሰተ ነው። በዚህ ሒሳብ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ለመውጣት 50 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልጋል። ጠረጴዛውም ላይ ሕጉ ያው ነው፤ አንድ ስንዝር ከፍ ለማለት አሥር ሜትር ግድም ሐዲድ ነው፣ አሥር ሜትር ክፍል ያለው ቤት ደግሞ ከየት ይገኛል? ስለ ተራራውማ ባላወራ ይሻላል። አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር ይበልጣል፣ ላሊበላ 2500 አካባቢ ናት፤ ልዩነቱን ለ87 ብናካፍል 20 ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። ስለዚህ የላስታ ሞዴል ሠሪ ከተራራው ላይ እየዋሸ፣ ከማማው ላይ እውነቱን እየተናገረ ይኖራል። ውሸቱ ይፈቀድለት፤ ተራራውን ሁሉም ያውቀዋል፣ የማማውን ልጥ ግን ካላሰረው የሚያስታውሰው የለም።

ደን ያስጨፈጭፋል የሚል ቢመጣ ከአንድ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አንድ ወረዳ ሙሉ ማማ እንደሚወጣ ይነገረው። መጀመር የምትፈልጉ፣ ምላጭ፣ ኮላ፣ ጥቁር ክር፣ እፍኝ ጭራሮና ሃያ ፍሬ ቀይ ጤፍ ይበቃችኋል። ስቴኪኒውን ለጥሬ ሥጋው አስቀሩት።