ባለ ቁልፉ ስልክና ባለሟሎቹ

ተች ስልኩን ትቶ ወደ ባለ ቁልፍ የተመለሰ ሰው በሰፈራችን እየበዛ ነው። መመለሱስ ባልከፋ ነበር፤ ዝም ብሎ አይመለስም እንጂ። ዓለም በቃኝ ብሎ እንደ መነነ ሰው፣ ምናኔውን ካላወጀ እንቅልፍ አይወስደውም። ቡና ላይ ሲቀመጥ ያችን ትንሽ ቀፎ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው መሐል ያኖራታል። ሰው ሁሉ እስኪያያት ይጠብቃል። የሚጠይቀው ካጣ ራሱ ይጀምራል፦ «እኔስ ተገላገልኩ!»

ከምን እንደተገላገለ ለመስማት ሁለተኛው ቡና መቅዳት አለበት። ባትሪው ከምሳ አያልፍም። ሜሞሪው ሞልቷል፤ የሞላውም በበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ካርድ፣ በጽጌረዳ ሥዕል ላይ በተጻፈ «መልካም ቀን»ና አክስት በምትልከው ማለቂያ የሌለው የስብከት ቪዲዮ ነው። ለሳምንት የተገዛው ፓኬጅ ሳምንቱ ሳይጋመስ ይሟጠጣል። ባለቤቱ ተኝቶ ስልኩ አይተኛማ! በገዛ ፈቃዱ አፕ ያድሳል፣ የመጣለትን ቪዲዮ ሁሉ ያወርዳል፣ ፎቶውን ወዳልታወቀ ቦታ ይጭናል። ወድቆ ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጠጋኙ የሚጠራው ዋጋ «ትንሽ ጨምረህ አዲስ ግዛ» ከማለት አይለይም።

ቅሬታው ሐሰት ነው አልልም። የዛሬው ተች ስልክ መስታወቱን በመጫን የሚሰማ ዓይነት አይደለም፤ የሚያውቀን ሰውነታችን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ነው። መዳፉ በሥራ የሻከረ፣ ቆዳው የደረቀ ሰው ቢነካካው ላይሰማው ይችላል፤ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበት ግን ጣት መስሎት ይደናበራል። እንግዲህ ይህን ዕቃ በእጁ ለሚበላ ሕዝብ ማምጣት ድፍረት ይጠይቃል። ሰው ማዕድ ላይ ሳለ ስልኩ ሲጮህ እዩት። ቀኝ እጁ ወጥ ነክቷል፤ ግራው ብርጭቆ ይዟል። በትንሿ ጣቱ ይሞክራል፤ አይሆንም። በአይበሉባው ይገፋዋል፤ ስልኩ ከነድምፁ ወደ መሶቡ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ በአፍንጫው ያነሳዋል፣ ደዋዩም የተሳሳተ ቁጥር ሆኖ ይገኛል። ባለ ቁልፉ ግን ጣት አያማርጥም። ሽሮው በ5 እና በ8 መካከል ደርቆ ይቀር ይሆናል እንጂ ስልኩ ይነሳል።

የጆሮው ጣጣ ከጣቱም ይብሳል። ተች ስልክ አናቱ አካባቢ ጆሮ መቅረቡን የምትነግረው ትንሽ ዓይን አለችው፤ ጉንጭ ስክሪኑን ነክቶ ወሬ እንዳያቋርጥ ጆሮ ሲቀርብ ታጨልመዋለች፣ ሲርቅ ታበራዋለች። መንገድ ዳር የሚለጠፍ ርካሽ የስክሪን መከላከያ ይህችን ዓይን ከሸፈናት ስልኩ ዘላለም ጆሮ ላይ ያለ ይመስለዋል። ወሬ ጨርሰው ከጆሮ ቢያወርዱት እንኳ እንደጨለመ ይቀራል፤ መዝጊያውም አብሮ ጨለማ ውስጥ ነው።

ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሼ በዚህ ነው የተጎዱት። ከአማታቸው ቤት ሰው ጋር ረዘም ያለ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ «እሺ፣ ደህና ይሁኑ» አሉና ስልኩን ሶፋው ላይ ጣል አደረጉት። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «እኚህ ሰውዬ ሲያወሩ እኮ ልብ ያደርቃሉ!» አሉ። ከሶፋው ላይ፣ «ታዲያ ምነው አይዘጉትም?» የሚል ድምፅ መጣ። በማግስቱ ተቹ ስልክ ከነቻርጀሩ መሳቢያ ገባ።

አዲሱን ፍለጋ አብሬያቸው መገናኛ ወረድኩ። ጋሼ ሱቁ መደገፊያ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው፣ «ቀላል ስልክ ነበር የፈለግኩት» አሉ።

«ምን ምን እንዲኖረው ነው ጋሼ?»

«ምንም! መደወልና ማንሳት። በቃ።» ትንሽ አሰቡና፣ «ሬዲዮ ካለው ግን አልጠላም» አሉ።

በሬዲዮው ቀዳዳ ሌላው ሁሉ ገባ። ማታ ለደጅ መብራት ያስፈልጋል። ሲሙ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ኔትወርክ እምቢ ሲል በሌላው ይደወላል። ቁጥሩ ጎላ ይበል፤ ድምፁ ከጓዳ ይሰማ፤ ሜሞሪ ይቀበል፣ ለመዝሙር ነው። ሻጩ እንዳዳመጠ ዝቅ ብሎ አንዱን አወጣና፣ «ይሄ ያሉት ሁሉ አለው። ካሜራም አለው፣ ኢንተርኔትም አለው፣ ፌስቡክም ይከፍታል» አላቸው። ጋሼ እባብ የቀረበባቸው ያህል እጃቸውን ሰበሰቡ። ኢንተርኔት የሌለው ተፈለገ። ጠፋ ማለት ይቻላል። ዛሬ ቀላል በሚባለው ስልክ መሐል ላይ እንኳ ኪስ ውስጥ በራሷ የምትጫንና ሒሳብ የምትበላ የኢንተርኔት ቁልፍ አለች።

«ኦሪጅናል ነው?» ሲሉ ጠየቁ በመጨረሻ።

«ኦሪጅናል ኮፒ ነው ጋሼ።»

ጋሼ ረኩ። እኔም የተረዳሁ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ሻጩ «ልክ እንደ ድሮው ኖኪያ ነው» ብሎ ምሏል። በዚህ መሐላ ያልተሸጠ ባለ ቁልፍ ስልክ ያለ አይመስለኝም። ደግሞም የድሮው ኖኪያ ሊማልበት ይገባል። በፈረንጆቹ 2003 የወጣው ኖኪያ 1100 ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ በብዛት በመሸጥ በዓለም ከሚጠቀሱት ስልኮች ቁንጮው እሱ ነው። ካሜራ አልነበረውም፤ አናቱ ላይ መብራት ነበረው፣ ቁልፎቹም አቧራ እንዳይገባባቸው አንድ ወጥ ሆነው የተሸፈኑ ነበሩ። ከእሱ በፊት በ2000 የወጣው 3310 ደግሞ ወደ 126 ሚሊዮን ተሸጦ፣ በ2017 ለናፍቆታቸው ለሚከፍሉ ሰዎች እንደገና ተሠርቶ መጣ። ሲመጣ ግን ካሜራና ኢንተርኔት ይዞ ነው የመጣው። እሱም እንደ ጋሼ ነው፤ «ምንም» ብሎ ጀምሮ በሬዲዮው በኩል ተሸነፈ።

የድሮውን የሚናፍቅ ሰው ድሮን በሙሉ አያስታውስም። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቀፎ ተገዝቶ ሲም ካርድ ደጅ የሚጠናበት ዘመን ነበር። የተሳካለት ሰው ስልኩን በቆዳ ማኅደር ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ፣ እንድትታይለት ኮቱን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ይራመድ ነበር። በዚያን ጊዜ ትንሿ ቀፎ የኩራት ምልክት ነበረች፤ ዛሬም ኩራቷ ተመልሶላታል፣ የኩራቱ አቅጣጫ ብቻ ተገልብጧል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላማ አጭር መልእክት ተዘግቶ እስከ ሚሌኒየሙ ቆየ። ከዚያ የበለጠ ቀላል ስልክ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም፤ መጻፊያ ነበረው፣ መጻፍ ግን አይቻልም። ያኔ ግን «ተገላገልኩ» ያለ ሰው አልሰማሁም።

ጋሼ አዲሷን ስልክ በያዙ ሰሞን ቤቱ ሰላም ሆነ። ቻርጅ ለቀናት ይቆያል፤ መብራት ጠፍቶ ጎረቤት ሁሉ ሲጨነቅ እሳቸው አናቷን አብርተው ደጃፍ ይወጣሉ። ከዚያ የዕድሩ ነገር መጣ። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው በሌሊት ሰፈሩን እየዞረ ይለፍፍ ነበር። አሁን ዕድራችን የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቷል፤ የሟች ስም፣ የቀብር ሰዓትና የድንኳኑ ቦታ እዚያ ይለጠፋል። ጋሼ የአንድ አባል ቀብር አመለጣቸው፤ እንደ ደንቡም ተቀጡ። በስብሰባው ላይ ተነስተው፣ «ማን ነገረኝና ነው የምቀጣው?» አሉ፤ አባላቱም ተከራክረው ተከራክረው ቅጣቱን አነሱላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሐፊው ግሩፑ ላይ ከለጠፈ በኋላ ለጋሼ ለብቻቸው ይደውላል። በጥንቱ ጊዜ አንድ ጥሩንባ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃ ነበር፤ ጋሼ የራሳቸው ጥሩንባ ነፊ አላቸው።

በገንዘብ በኩል ባለ ቁልፉን መናቅ አይገባም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ለባለ ተች ብቻ አልመጣም፤ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ማንም መክፈል ይችላል። ጋሼም ያውቁታል። ነገር ግን እንዲህ ያለው አገልግሎት በዝርዝር እየጠየቀ የሚሄድና ብዙ የማይታገሥ ነው። ገንዘብ ለመላክ ይህን፣ ለክፍያ ያን ይላል። እሳቸው መነጽራቸውን እስኪያደርጉ፣ አንብበው «እህ» እስኪሉ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ እስኪፈልጉ ዝርዝሩ ይዘጋል። ሦስተኛው ዙር ላይ ድምፃቸው ከፍ ይላል፦ «አንቺ! ይቺን መብራት ክፈያት እስቲ።» ባለቤታቸው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተች ስልካቸውን ያነሳሉ።

ታክሲም እንዲሁ። ለራይድ 8294 ደውሎ ሰው ማነጋገር ስለሚቻል ጋሼ ባለ ቁልፉ ምንም አላጎደለብኝም ይላሉ። አላጎደለም። ግን ስልክ የማይጠቁመውን ቦታ አፍ ነው የሚጠቁመው፤ አዲስ አበባ ደግሞ አድራሻዋ በትዝታ ነው። «ከዋናው መንገድ ገባ ይበሉ፣ ድሮ ሻይ ቤት የነበረበት ጋ፣ አሁን ፈርሷል፣ እዚያ ጋ ሲደርሱ ይጠይቁ።» ሹፌሩ መንደሩን እየዞረ ሲደውል፣ እሳቸው ደጅ ላይ መብራቷን በቀን እያውለበለቡ ሲመልሱለት አይቻለሁ።

የወጣቱ ባልደረባዬ ምናኔ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እሱ የተወው ጊዜውን ስለበላበት ነው፤ ቲክቶክ ከፍቶ ሲነቃ ሌሊቱ ተጋምሶ ያገኘዋል። ይህን እውነት አልነካበትም። ነገር ግን ባለ ቁልፍ ስልክ መያዙን ያወጀው ፌስቡክ ላይ ነው፣ ከፎቶ ጋር። ስልኳ በሚገባ ብርሃን፣ ከማኪያቶ አጠገብ፣ ጀርባዋ ደብዘዝ ብሎ ተነስታለች። በምን እንዳነሳት ማንም አልጠየቀውም፤ ከሥሩ «ጀግና ነህ» የሚል አስተያየት ብቻ ተደረደረ። እሱም ለእያንዳንዱ አመስግኖ እስኪመልስ ሌሊቱ እንደገና ተጋምሷል። ዛሬ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ነች፤ ትልቁ ቦርሳ ውስጥ «ለሥራ ብቻ» ተቀምጧል። በስብሰባ መሐል የሚንጫጫው ግን ቦርሳው ነው።

ተች ስልክ ይዞ የማያማርር ሰው አሳየኝ የሚለኝ ካለ፣ መንገዳችን ዳር ጉሊት የምትቸረችረውን ሴት አሳየዋለሁ። ስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጣጥቋል፤ ጣቷ በሽንኩርትና በቲማቲም ርሶ ብዙ ጊዜ አይሰማላትም፤ ፓኬጅ የምትሞላው ከዕለት ትርፏ ቆንጥራ ነው። ልጇ ጅዳ ናት። ማታ ማታ በኢሞ ስትደውል እናቷ ስልኩን የሽንኩርት ክምር ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች። ጋሼ አንድ ቀን ቲማቲም ሲገዙ የምናኔ ስብከታቸውን ጀመሩባት፤ ቻርጅ አይጨርስ፣ ፓኬጅ አይበላ፣ ቢወድቅ አይሰበር። ሴትዮዋ እየመዘነች አዳመጠቻቸውና፣ «ልጄን በቁልፍ ላያት ነው ጋሼ?» አለች። ጋሼ መልስ ስላልነበራቸው መልሳቸውን ቆጠሩ።

እኔ እንደታዘብኩት፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዞ በሰላም የሚኖር ሰው አጠገቡ ተች የያዘ ሌላ ሰው አለ። የጋሼ ልጅ አሜሪካ ናት፤ የሕፃን ልጇ ፎቶ የሚመጣው በጋሼ ባለቤት ስልክ ነው። «እስቲ ያችን ስትስቅ ያለችውን አምጪያት» ይባላል፤ ወጥ ይቆማል፤ ፎቶዋ ትፈለጋለች። የባንኩ መልእክት በባለቤታቸው በኩል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ በባለቤታቸው በኩል፣ ወንድማቸው የሚልከው የሦስት ደቂቃ የድምፅ መልእክትም በባለቤታቸው በኩል። ጋሼ የሳምንቱን ዜና ጠይቀው ካዳመጡ በኋላ ስልኩን በሁለት ጣት አንስተው እየመለሱ፣ «እኔስ ከዚህ ተገላገልኩ» ይላሉ።

ባለፈው እሑድ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ቡናውን እየቀዱ ስልካቸውን አቀበሉኝ። «አንተ ልጅ፣ ሜሞሪ ሞልቷል እያለ አስቸገረኝ፤ እየው እስቲ።» አየሁት። የሕፃኗ ፎቶ፣ የዕድሩ ማስታወቂያ፣ የወንድምየው ድምፅ፣ ጋሼ «ይቀመጥልኝ» ያሉት የደም ግፊት መድኃኒት ምክር። የእሳቸው የራሳቸው የሆነ ነገር ፈልጌ አንድ የዶሮ ወጥ አሠራር ብቻ አገኘሁ።

«ምኑን ላጥፋው?» አልኳቸው።

«ተወው። ለዚህ ሰውዬ የገዛችሁበትን ሱቅ አሳየኝና እኔም ባለ ቁልፍ ልያዝ። ልገላገል።»

ጋሼ ሬዲዮውን ቀነሱ። «እንዴ!» አሉ፣ ከልባቸው ደንግጠው፤ «ታዲያ ስልካችንን ማን ሊይዘው ነው?»