«ዝኒ ከማሁ» በሰርቦ፦ ስለ ግርጌ ማስታወሻ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የግርጌ ማስታወሻ በአሮጌ የምሁራን መጻሕፍት ከገጹ እግር ሥር በደቃቅ ፊደል የሚታተም፣ አንባቢ የሚዘለው፣ ፈታኝ ግን የማይዘለው ነገር ነው። ዘሩ ብዙ ነው። ይህ ጥናት የሚያተኩረው የሊቃውንት ማኅበራት በጉባኤያቸው ያስነበቡትን ሰብስበው ያሳተሙትን ቅጽ በሚጠቅሰው ላይ ብቻ ነው። ጥናቱ የተካሄደው ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ በምትገኘው በሰርቦ ነው። ቦታዋ የተመረጠችው በሳይንሳዊ ምክንያት ነው፤ አንድም ንጉሣዊ የሊቃውንት ማኅበር ስለሌላት ውጤቱን የሚያዛባ ነገር አይኖርም።

በመጀመሪያ ስለ መልኩ። በ1603 ሮም ላይ የተቋቋመው የሊንቼይ አካዳሚ ስሙን የወሰደው በዐይኑ ስለት ከሚታወቅ የዱር ድመት ነው። ጣልያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ስለ ኢትዮጵያ ከጻፋቸው ብዙዎቹ የወጡት በዚህ አካዳሚ መጽሔት ነው። ይህን የሚጠቅስ ጸሐፊ የአካዳሚውን ስም እስከ አጥንቱ ያሳጥረዋል፤ ከዚያ ተከታታዩን በሮማ ቁጥር፣ ቀጥሎ ቅጹን፣ ቀጥሎ ገጹን ያስቀምጣል። የድመቱ ዐይን ለሌለው አንባቢ የምሕጻረ ቃል ዝርዝር መጽሐፉ መግቢያ ላይ አለ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የተፈለገችው ብቻ አትገኝም። ሁለተኛው ጥቅስ «ዝኒ ከማሁ» ነው፤ ሦስተኛውም ዝኒ ከማሁ። ዋናውን ፍለጋ ወደ ኋላ የሚገልጥ ሰው ያለፈው ምዕራፍ ውስጥ ይደርሳል፤ እዚያም «ከላይ የተጠቀሰው» የሚል ይጠብቀዋል።

የዘመን ነገር ሌላ ነው። ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ በፈረንጅ 1966 አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ፤ ጽሑፎቹም በ1969 እና በ1970 በሦስት ቅጽ ወጡ። አገሩን የሚወድ ጸሐፊ የኅትመቱን ዓመት ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር ቢመልሰው፣ በ1966 የተነበበው ጽሑፍ በ1962 ታትሞ ያርፋል። ይህን ያህል የፈጠነ ማተሚያ ቤት በሌላው ዓለም አልታየም። አምስተኛው ጉባኤ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በ1977 ኒስ፣ ግማሹ በ1978 ቺካጎ ዋለ። የቺካጎው ቅጽ «ክፍል ለ» ይባላል፤ የኒሱ ግን ሌላ ርዕስ ለብሶ ስለወጣ «ክፍል ሀ»ን የሚፈልግ ተማሪ በአጠገቡ ያልፋል። በአባት ስም መጥቀስ ወግ በሆነበት አገርም ታደሰ ታምራት የደከመበት ጽሑፍ «ታምራት፣ ታ.» ተብሎ ይመዘገባል። የሐበሻ አባቶች በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት ያላቸው የምርምር ዝና ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የጅማና የአካባቢዋ አገሮች በአውሮፓ የማኅበራት መጽሔት የገቡት ቡናቸው ዓለም አቀፍ ስም ከማግኘቱ በፊት ነው። በ1839 ዦማር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ስለ ሊሙ ኦሮሞዎች የጻፈው በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታተመ። ዦማር ሊሙን አላየም፤ የነገረው ከአገሩ ርቆ ፓሪስ የደረሰ ዋሬ የሚባል የሊሙ ተወላጅ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክም ጎጃም ተቀምጦ፣ ባሶ ገበያ የሚመላለሱትን ነጋዴዎች እየጠየቀ፣ ጅማን ሳይረግጥ ከአቢሲኒያ በስተደቡብ ስላሉ አገሮች ጻፈ፤ ይህም በ1843 በለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ቅጽ 13 ወጣ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሊቅ ሁሉ «ቢክ፣ ቅጽ 13» ይላል። ማኅበሩ አለ፤ ቅጹ አለ፤ ገጹ አለ። በቅሎውን ጭኖ ጊቤን የተሻገረው ነጋዴ የለም።

ነጋዴውን ያመነው ቢክ ግን ባልንጀራውን አላመነም። ፈረንሳዊው መንገደኛ አንቷን ዳባዲ በ1843 የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ሙሽራ ሲያስመጣ ከመልእክተኞቹ ጋር ከፋ ድረስ ሄጃለሁ አለ። ቢክ አልሄደም ብሎ በ1850 መጽሐፍ አሳተመበት። የፓሪሱ ማኅበር ከዳባዲ ጎን ቢቆም ቢክ ቀድሞ የሸለሙትን የወርቅ ሜዳሊያ መለሰላቸው። ለንደንና ፓሪስ አንድ ሰው ሰርግ መሄድ አለመሄዱን ሲከራከሩ ሙሽራዋን የጠየቀ የለም። በኋላ የመጡ መንገደኞች ለዳባዲ ፈረዱለት፤ የሰርጉ ታዳሚዎች ምስክርነት ግን እስካሁን ቅጽ አላገኘም።

ከዚህ ጋር የሰርቦን የአጠቃቀስ ሥርዓት እናነጻጽር። የገበያ ቀን አንድ ሰው የጀንፈል ቡና ዋጋ ወረደ ቢል፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን አለ?

«ሹፌሩ።»

«ለሹፌሩስ ማን ነገረው?»

«ጅማ ያለው አቅራቢ።»

«የትኛው?»

«ያ ሚስቱ የዚህ አገር ልጅ የሆነችው።»

«እሱማ መግዛት ሲፈልግ ሁሌም ወረደ ይላል።»

ልብ በሉ፤ ምንጩ፣ የምንጩ ምንጭ፣ የምንጩ ጥቅምና ዝምድና አንድ ፈረሱላ ሳይመዘን ተጣርቷል። የሮማው አካዳሚ በዚህ ረገድ ገና ብዙ ይቀረዋል።

ዘመናዊው ሳይንስም የለንደኑን መንገድ አልተወም። በፈረንጅ 1967 ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ የተቋቋመው የምርምር ማዕከል ካወጣቸው የቡና ዓይነቶች አንዱ 74110 ነው፤ ቁጥሮቹ እናት ዛፏ የተመረጠችበት ዓመትና ተራ ቁጥሯ ናቸው። ዛፏ እንዲህ በሥርዓት ተጠቅሳለች፤ የበቀለችበት ጓሮ ባለቤት ቁጥርም አልደረሰውም። ሰርቦም ራሷ ተራዋ ደርሷታል፤ በፈረንጅ 2009 የጤና ጣቢያዋ የአንድ ዓመት የወባ ምርመራ ውጤት በውጭ መጽሔት ታትሟል። ደሙን የሰጠው ሕዝብ ስሙ አልወጣም፤ ይህ እንኳ ለሕመምተኛ ምስጢር ሲባል ይታለፋል። የባሶ ነጋዴ ግን ምን ታሞ ነው?

ይህን ጥናት ለመጥቀስ የሚሻ አንባቢ ማኅበርም ተከታታይም ቅጽም ስለማያገኝለት «ሰርቦ ላይ ተነገረ» ብሎ ቢጽፍ ይበቃዋል። ለመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ ይዞ ወደ ሰርቦ የሚመጣ ተማሪ ግን የነጋሪውን ስም፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ ከነአባቱ ይጻፍ። ያለዚያ የጀንፈል ዋጋ እንኳ በትክክል የሚነግረው አያገኝም።