ጥሩ የእሽቅድድም ሰዓት ማበላሻ ዘዴ

ይህ ምክር ለመኪና እሽቅድድም የተሠራ ውድ ክሮኖግራፍ፣ ማለትም የሩጫ ጊዜ መቁጠሪያ ያለው የእጅ ሰዓት፣ ገዝቶ ለማበላሸት ለቆረጠ ሰው የተጻፈ ነው። ሥራው ልዩ ሙያ አይጠይቅም፤ ገንዘብ ያለውና ትዕግሥት ያጣ ሰው ሁሉ ይችለዋል። እነዚህን ሰዓቶች እወዳቸዋለሁ። የሚጠፉበትን መንገድ አንድ በአንድ መጻፍ የፈለግሁትም ስለምወዳቸው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲገዙ ስሙን ብቻ ይግዙ፤ ሰዓቱ ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደተሠራ አይጠይቁ። የሆየርን ካሬራ እንውሰድ። ከ1950 እስከ 1954 ሜክሲኮን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ካሬራ ፓናሜሪካና የሚባል የመንገድ እሽቅድድም ነበር፤ ብዙ ሕይወት የቀጠፈ ውድድር ነው። ከስዊዝ ሰዓት ሠሪ ቤተሰብ የተወለደው ጃክ ሆየር ስለዚህ ውድድር የሰማው በ1962 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ በሴብሪንግ የ12 ሰዓት እሽቅድድም ላይ፣ ከሜክሲኮዎቹ የሮድሪጌዝ ወንድማማች ነጂዎች ወላጆች ነው። በ1963 በዚያ ውድድር ስም ሰዓቱን አወጣ። የፈለገው በፍጥነት የሚነዳ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ለቅጽበት ብቻ ነቅሎ የሚያነበው ገጽ ነበር። ስለዚህ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ምልክቶችን ከገጹ አንስቶ መስታወቱን ደግፎ በሚይዘው የውስጥ ቀለበት ላይ አሰፈራቸው፤ ገጹም ጠራ። ይህን የሚያውቅ ገዢ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለበቱ ላይ ነው፤ በሌላ ተቀይሮ ከሆነ ወዲያው ይነቃል። ማበላሸት የሚፈልግ ሰው ግን ባያውቅ ይሻለዋል።

በጠርዙ ዙሪያ የተጻፉትን ቁጥሮችም እንደ ጌጥ ይዩአቸው። ታኪሜትር ይባላሉ፤ ፍጥነት በሰዓት በኪሎ ሜትር የሚነበብባቸው ናቸው። ኦሜጋ በ1957 ስፒድማስተርን ለመኪና ነጂዎች ሲሠራ ከገጹ አንስቶ ወደ ውጭው ጠርዝ አወጣቸው። ያ ሰዓት በኋላ ከጠፈርተኞች ጋር ጨረቃ ላይ መድረሱን ሁሉም ያወራል፤ መጀመሪያ የታሰበው ለመሪ ጨባጭ መሆኑን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። የኪሎ ሜትር ምልክት ሲያልፉ የላይኛውን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ቀጣዩን ሲያልፉ ደግመው ይጫናሉ። ቆጣሪው 30 ሴኮንድ ላይ ከቆመ ጠርዙ 120 ይላል፣ 45 ላይ ከቆመ 80። 3600ን ለሴኮንዱ ማካፈል ነው፤ ስሌቱ ተሠርቶ ተቀምጦልዎታል። ይህን ሰዓት ለዓመታት አስሮ ቁልፉን አንዴም ሳይጫን የሚኖር ሰው ያሳዝነኛል።

ከሁሉም ፈጣኑ የማበላሻ መንገድ ግን ማሳመር ነው። የተጫረ ሰዓት እንደገዙ በቀጥታ ይውሰዱትና በማሽን ያስፍቁት፤ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ቀፎው ላይ ማሰሪያው የሚገባባቸው አራት ክንዶች አሉ። ፋብሪካው እነዚያን ክንዶች በስለት እንደተቆረጡ ያህል ጠርዝ አውጥቶ ነው የሠራቸው፤ የሰዓቱ ቅርጽ ያለው እዚያ ነው። እያንዳንዱ ፈቃ ብረት ይወስዳል፤ ጠርዙ ይከብባል፣ ክንዱ ይቀጥናል። የሄደ ብረት አይመለስም። ጭረቱ ግን የነጂው እጅ በመሪውና በበሩ መካከል የዋለበት ምልክት ነበር፤ ማንንም አልጎዳም።

ከዚያ ገጹን ያሳድሱ። ጥቁሩ ወደ ቡኒ ዞሯል? ያስቀቡት። ጽሑፉ ደብዝዟል? በአዲስ ያስጽፉት። የድሮ ብራና ፊደሉ ደበዘዘ ብሎ በእስክሪብቶ እንደሚያደምቅ ሰው ይሆናሉ። ፋብሪካው ያተመው ፊደል ውፍረቱ፣ እግሩ፣ ክፍተቱ ልክ አለው፤ የሚያውቅ ሰው በማጉያ መነጽር አይቶ እጁ የማን እንደሆነ ይለያል። ዳግም የተቀባ ገጽ ያለው ሰዓት ሰዓትነቱ ባይቀርም፣ ለሰብሳቢ ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል፤ መውረዱም ልክ ነው።

በጨለማ የሚያበሩትን ነጥቦችና ጠቋሚዎችም አይርሷቸው፤ በአዲስ ቀለም ያስሞሏቸው። በ1960ዎቹ ለዚህ የሚያገለግለው ትሪቲየም ነበር፤ ኃይሉ በየ12 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የዚያን ዘመን ሰዓት በሌሊት ሲያዩት ጨለማ መሆን አለበት፤ ነጥቦቹም ከነጭ ወደ ክሬም ወይም ወደ ማር ቀለም ዞረው መታየት አለባቸው። ሻጩ «ሁሉም ነገር የመጀመሪያው ነው» ካለና ሰዓቱ በጨለማ ደምቆ ካበራ፣ አንዱ ይዋሻል፤ ሰዓቱ አይደለም። ከትሪቲየም በፊት የነበረው ራዲየም ነው፤ ስለ እሱ የምለው ግን ለማበላሸት ለቆረጠው ሰውም ጭምር ነው። የራዲየም ቀለም ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ ለብዙ መቶ ዓመታት አብሮት ይኖራል፤ ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ ወደ ሳንባ ከገባ ይጎዳል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ቤትዎ ውስጥ አይክፈቱ።

የታዋቂ ሰው ስም ሲሰሙ ማስረጃ አይጠይቁ። ፖል ኒውማን ተዋናይ ብቻ አልነበረም፤ በ1979 በሌ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድድም ከቡድኑ ጋር ሁለተኛ የወጣ ነጂ ነው። ሚስቱ ጆአን ውድዋርድ የሮሌክስ ዴይቶና ገዝታ፣ ተጠንቅቆ እንዲነዳ የሚለምን ቃል ከጀርባው አስቀርጻ ሰጠችው። ያ ሰዓት በጥቅምት 2017 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 17.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣለት። በዘመኑ የዚያ ዓይነት ገጽ ያለው ዴይቶና ገዢ አጥቶ በየመደብሩ ይቀመጥ ነበር፤ ዛሬ ገጹ ራሱ በኒውማን ስም ይጠራል። ገጽ ደግሞ ተነቅሎ የሚገጠም ቀጭን ሰሌዳ ነው፤ ከተራ ዴይቶና ላይ ተራውን አውልቆ በምትኩ አስመስሎ የተሠራ መግጠም ለሚችል እጅ አስቸጋሪ አይደለም። ጨረታው ላይ ዋጋ ያወጣው የሚስቱ ቃል፣ የኒውማን ክንድና ሰዓቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚታወቅ መሆኑ ነው። እርስዎ ግን ገጹን ብቻ አይተው ይክፈሉ።

የዋጋ ከፍታ ማስረጃ ነው ብለውም ይመኑ። በ2021 ጄኔቫ ውስጥ የመጀመሪያው ዘመን ነው የተባለ አንድ ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ገዢው ራሱ ኦሜጋ ነበር፣ ለሙዚየሙ። በ2023 ኩባንያው ሰዓቱ ከሌሎች ሰዓቶች ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑንና በጉዳዩ የቀድሞ ሠራተኞቹ እንዳሉበት አስታወቀ። ሠሪው ራሱ ከተታለለ፣ በስልክ በተላከ ሦስት ፎቶ የሚገዛ ሰው ምን ሊያይ ይችላል?

የሆየርን ሞናኮ ሲገዙ ደግሞ ተዋናዩን ስቲቭ ማክዊንን ብቻ ያስቡ። በ1969 የወጣው ይህ አራት ማዕዘን ሰዓት በእጅ መሞላት ከማይፈልጉት የመጀመሪያዎቹ ክሮኖግራፎች አንዱ ነው፤ ማዞሪያው በግራ በኩል ያለውም እምብዛም ስለማይነካ ነው። በ1998 እንደገና ሲሠራ ማዞሪያው ወደ ቀኝ ስለዞረ፣ ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ አሮጌውን «ተገልብጦ የተገጠመ» ይለዋል። ማክዊን ይህን ሰዓት አስሮ በተወነበት፣ በ1971 በወጣው «ሌ ማን» ፊልም የለበሰው ልብስ የስዊዙ ነጂ የጆ ሲፈርት ዓይነት ነበር፤ ደረቱ ላይ የነበረው የሆየር ምልክትም ከዚያ የመጣ ነው። ሲፈርት በዚያው ዓመት በጥቅምት እንግሊዝ ውስጥ በብራንድስ ሃች በእሽቅድድም ላይ ሞተ። በፊልሙ ስም ከሚሸጡት ሰዓቶች ጋር የዚህን ሰው ስም የሚያነሳ ሻጭ ብዙ አይገኝም፤ ይህ ያስቆጨኛል።

ከገዙ በኋላ ባንክ ቤት ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበት፤ ሰርቪስ አያስደርጉ። የማሽኑ ዘይት እየደረቀ ይሄዳል፣ ከዚያ አንድ ቀን አውጥተው ሲያስነሱት ብረት ከብረት ይፋተጋል። ሰርቪስ ካስደረጉም ሠሪው የቀየራቸውን አሮጌ ክፍሎች እንዲመልስልዎ አይጠይቁ፤ ጠቋሚውም፣ ቁልፉም፣ ማዞሪያውም እዚያው ይቅር። ሣጥኑን፣ ደረሰኙን፣ የዋስትና ወረቀቱን ቤት ሲያጸዱ ይጣሉ።

በ1975 የዜኒት ሰዓት ፋብሪካ ባለቤቶች የመካኒካል ሰዓት ሥራ እንዲቆም አዘዙ፤ ጊዜው የባትሪ ሰዓት ነበር። ሻርል ቬርሞ የሚባል የፋብሪካው ሠራተኛ ግን በ1969 የወጣውን የኤል ፕሪሜሮ ማሽን መሥሪያዎች፣ መቁረጫዎቹንና ማተሚያዎቹን፣ ከነአሠራር ማስታወሻቸው ጣሪያ ሥር ባለው ክፍል ደበቃቸው። ኋላ መካኒካል ሰዓት ፈላጊ ሲያገኝ ዜኒት ያንን ማሽን እንደገና መሥራት ቻለ፤ ከ1988 ጀምሮም ሮሌክስ አሻሽሎ ዴይቶና ውስጥ ገጠመው። የቬርሞን ተቃራኒ ያድርጉ። ምንም አያስቀምጡ፣ ምንም አይጻፉ፣ ሰዓቱን ከማን እንደገዙ፣ መቼ እንደታደሰ፣ የትኛው ክፍል እንደተቀየረ ለልጆችዎ አይንገሯቸው። አንድ ቀን ወደ ሻጭ ይዘውት ሲሄዱ ሻጩ ገልብጦ ያየዋል፣ «ወረቀት አለው?» ይላል፣ እነሱም እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ከዚያ የሚሰጣቸው የብረቱንና የማሽኑን ዋጋ ብቻ ነው።