የአርባ ቀን እንግዳ፦ በኦቾሎ የቤት ኮምፒውተር ላይ ስለሚገኙ ነጻና ርካሽ ሶፍትዌሮች የቀረበ ጥናት

1. መግቢያ

የጋሞዋ ኦቾሎ ለተመራማሪ ባዳ አይደለችም። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከአባያ ሐይቅ በላይ ወዳለው ወደዚህ ዓለታም ኮረብታ ወጥቶ፣ ሕዝቡ በየዱቡሻው (በየመሰብሰቢያው ሜዳ) ተሰብስቦ እንዴት ተከራክሮ እንደሚስማማ ሲያጠና ከርሟል፤ በ1983 ደግሞ መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። የሕክምና ተመራማሪዎችም የቁንጭር በሽታን መነሻ ፍለጋ የአሸዋ ዝንቡን በወጥመድ ሲይዙ፣ ሽኮኮውን ከዋሻው እያወጡ ሲመረምሩ ኖረዋል። ስለ ጉባኤው፣ ስለ ዝንቡና ስለ ሽኮኮው ይህን ያህል ተጽፎ ሲያበቃ፣ ሳሎን ጥግ ላይ የዱንጉዛ ጨርቅ ለብሶ ስለተቀመጠው ደስክቶፕ አንድ ገጽ እንኳ አለመጻፉ ለሳይንስ ነውር ነው። ይህ ጥናት ነውሩን ለመሸፈን ተዘጋጅቷል።

የጥናቱ ናሙና ያ ደስክቶፕ ነው፤ ወሰኑም ጠባብ ነው። የሚመለከተው ማንም ያልከፈለባቸውን፣ ወይም ከከፈለም እያጉረመረመ የከፈለባቸውን ሶፍትዌሮች ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን ራሱን የገዛ ሰው በእጅ ለማይዳሰስ ነገር ሁለተኛ ገንዘብ ማውጣት የለበትም የሚል ጽኑ አቋም በአካባቢው ሰፍኗል። አጥኚው ይህን አቋም አልተቃወመም፤ ቢቃወምም የሚሰማው አልነበረም።

2. አመጣጥ

ሶፍትዌር ወደ ኮረብታው የሚወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

ሀ. በፍላሽ። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣ ተማሪ ኪስ ውስጥ ይገኛል። ብቻውን መጥቶ አያውቅም። አብሮት የሚመጣው ቫይረስ ፎልደሮቹን ሁሉ ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት ይተክላል፤ ከዚያ ተማሪው «ችግር የለም፣ ማጥፊያውም አለኝ» ብሎ ያንኑ ፍላሽ መልሶ ይሰካል።

ለ. በኮምፒውተር ቤት። ማሽኑ ተጭኖ ወደ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ይወርድና «ፎርማት» ይደረጋል። ሲመለስ ባለሙያው የሚሰጠው ሰነድ የለም፤ የሚሰጠው ቃል ነው፦ «ሁሉንም ሞልቼልሃለሁ።» ይህ «ሁሉንም» የተባለው ምን ምን እንደሆነ ለማወቅ ወራት ይፈጃል። በናሙናው ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሦስት የፎቶ ማሳመሪያዎች፣ ማንም ያልጠየቀው የመኪና ሞተር መመርመሪያና ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ደፍሮ የሚከፍተው የጠፋ አንድ ቀይ ምልክት ተገኝተዋል።

ሐ. በሌሊት። ስልኩ ሆትስፖት ይሆናል፣ የሌሊቱ ጥቅል ይገዛል፣ ሰው ይተኛል፣ ሶፍትዌሩ ይወርዳል። መብራት የሚሄደው ዘጠና ከመቶው ሲያልፍ ነው። ከዘጠና በፊት የሄደበት አጋጣሚም ይኖር ይሆናል፤ ያንን ግን የሚያስታውስ የለም።

3. ምደባ በክፍያ

3.1 በእውነት ነጻ የሆኑ። የዚህ ወገን አለቃ ቪኤልሲ ነው። የፓሪስ ተማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ጀምረውት ዛሬ ድረስ ማንንም ሳንቲም ያልጠየቀ፣ የተጣመመ የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ የሚያቃና አገልጋይ ነው። ጠባዩ ላይ የተመዘገበው ነውር አንድ ብቻ ነው፤ የፈረንጆቹ ገና ሲቃረብ ብርቱካናማ ኮኑ ላይ ቀይ ቆብ ይደፋል፣ ታኅሣሥ 29 ደርሶ እኛ ስናከብር ግን ቆቡን አውልቆ ይጠብቀናል። ሊብሬኦፊስም ከዚህ ወገን ነው። ነጻነቱ ከልብ ስለሆነ ይጠረጠራል፤ «ክራክ የማይፈልግ ምን ዓይነት ኦፊስ ነው?» ተብሎ ሳይከፈት የኖረበት ቤት አለ።

3.2 በጉልበት ነጻ የወጡ። አጫጫናቸው ሥርዓት አለው። ፀረ ቫይረሱ ይዘጋል፣ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፣ «ክራክ» ከሚለው ፎልደር ፋይሉ ተቀድቶ በቦታው ይለጠፋል፣ ቤተሰቡ ድምፁን ይቀንሳል። ዊንዶውስ 7 በዚህ መንገድ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ይነቃና «ጀኒዩን አይደለሁም» ብሎ የሙሽሮቹን ፎቶ ከስክሪኑ ላይ አንሥቶ ጥቁር ያለብሳል። ልጁ ፎቶውን ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይጠቁራል። ሁለቱም ወገኖች ተስፋ አልቆረጡም።

3.3 ርካሽ የተባሉ። እዚህ የሚከፈለው ለሶፍትዌሩ ሳይሆን ለጫኚው ጣት ነው። ዋነኛው ምሳሌ የአማርኛ መጻፊያው ነው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ከመቀበሉ በፊት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሉን የሚያስቀምጡት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሥርዓት ነበር። የዚያ ዘመን ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀም፤ በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ፎንት ተጽፎ በፍላሽ የተወሰደ ማመልከቻ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይገኛል። አመልካቹም «በደረቅ ማኅተም ብትመቱልኝስ?» እያለ ይለማመጣል። በዚህ ሁሉ መሀል የቤቱ ትንሿ ልጅ የትምህርት ቤት የጋሞኛ ድርሰቷን ጻፍ ጻፍ አድርጋ ትነሣለች፤ ጋሞኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የሚጫን ነገር የለውም። በናሙናው ማሽን ላይ ያለ ሙከራ፣ ያለ ክራክና ያለ ክፍያ የሚሠራ ብቸኛው ቋንቋ እሱ ነው።

3.4 የሙከራ። ይህ ክፍል በውስጡ ብዙ ንዑስ ክፍሎች አሉት። ከአንዱ በቀር ሁሉም በሁለት መስመር ያልቃሉ፤ ስለዚህ ወደ አንዱ።

3.4.1 ዊንራር

በሰፊው መጠናት ያለበት ይህ ነው። በፍላሽም በሌሊትም የሚመጣ ነገር ሁሉ ታጭቆ ይመጣልና የታጨቀውን የሚፈታው እሱ ነው። ምልክቱ በቀበቶ የታሰሩ ሦስት መጻሕፍት ናቸው። ዋጋው 29 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከመክፈል በፊት 40 ቀን በነጻ ይሞከራል።

አርባ ምንጭ አጠገብ ያደገ ሰው አርባን ያከብራል። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ የሞተም በአርባ ቀኑ ተዝካሩ ይወጣል። በአርባኛው ቀን አንድ ነገር መሆን አለበት። በዊንራር አርባኛ ቀን የሚሆን ነገር የለም። በማግስቱ ትንሽ መስኮት ብቅ ትልና ሙከራው እንዳበቃ፣ እባክዎ ፈቃድ ቢገዙ ብላ በትሕትና ታሳስባለች። መስኮቷ ትዘጋለች፤ ፋይሉ ይፈታል፤ ኑሮ ይቀጥላል። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ።

ለማሳሰቢያዋ የሚሰጠውን ምላሽ መሠረት በማድረግ ተጠቃሚዎች በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛው ዘጊ ነው። መስኮቷ ሳትወጣ ጣቱ መዝጊያዋ ላይ ነው። መስኮቷ ምን እንደምትል ቢጠየቅ አያውቅም፤ ቀለሟንም በትክክል አይነግርህም።

ሁለተኛው አንባቢ ነው። ሁልጊዜ ከላይ እስከ ታች ያነባታል። ከቀን ወደ ቀን የሚቀየር ቃል እንደሌለ ያውቃል፤ ያም ሆኖ «ምናልባት ዛሬ» እያለ ያነባል። ጡረታ የወጡ መምህራን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ወገን ናቸው።

ሦስተኛው ይሉኝታ የያዘው ነው። ሲዘጋት ቀስ ብሎ ነው። እንግዳ ካለ ደግሞ ስክሪኑን በትከሻው ይጋርዳል።

አራተኛው ጠያቂ ነው። ኮምፒውተር አይነካም፤ ከጎን ተቀምጦ ያያል። የዚህ ዓይነት ጎልቶ የታየው ለቅጠል ቡና ጎራ በሚሉት አዛውንት ጎረቤታችን ላይ ነው። ንግግሩ እንዳለ ተመዝግቧል።

«ይኸ ሰውዬ ዛሬም መጣ?»

«መጣ፣ አባባ።»

«ምን ይላል?»

«ክፈሉኝ ይላል።»

«ስንት?»

«ሃያ ዘጠኝ ዶላር ገደማ።»

«ባትከፍሉትስ?»

«ሥራውን ይሠራል። ነገ መጥቶ ደግሞ ይጠይቃል።»

አዛውንቱ ቡናቸውን ይዘው ስክሪኑን አስተዋሉና፣ «ሳይከፈለው ይሠራል፣ ሳይቆጣ ይጠይቃል። የማን ልጅ ነው?» አሉ።

ይህ ጥያቄ ጥናቱን ወደ ትውልድ ሐረግ አስገብቶታል። የዊንራር አባት ሩሲያዊው ዩጂን ሮሻል ነው፤ መስኮታማው ዊንራር የተወለደው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። ዩጂን ኮድ ይጽፋል። የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው ግን በታላቅ ወንድሙ በአሌክሳንደር ስም ነው፤ ምክንያቱም ታናሹ ኮድ እየጻፈ የመብት ጉዳይም ለመከታተል ጊዜ የለውም። ይህን ለከተማ ሰው ብታወራለት ግራ ይገባዋል። ኦቾሎ ላይ ግን ማብራሪያ አላስፈለገም።

«ባይራው ነዋ!» አሉ አዛውንቱ፣ ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገልጦላቸው።

በጋሞ ወግ ባይራ ታላቅ ነው፤ በታናናሾቹ ስም የሚቆም፣ መሥዋዕቱንም ስለ እነሱ የሚያቀርብ። ታናሽ ይሠራል፣ ታላቅ ስለ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ዊንራር በዚህ ቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ የሶፍትዌር ማዕረጉ ቀርቶ ወግ ያለው ቤተሰብ ልጅ ሆኗል። ክፍያን በተመለከተ የተለወጠ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አጥኚው ከሳይንሳዊ ገለልተኝነቱ ለአንድ አንቀጽ ይወጣል። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከተንበረከከ ተራምዶት የሚያልፍ የለም፤ በ2011 ዓ.ም. መስከረም አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት በዚያ ሳር ፊት ሲመለስ አገር አይቷል። ይህች መስኮት ያ ሽማግሌ ናት፤ ትንበረከካለች፣ ትለምናለች፣ እጇ ላይ ዱላ የለም። እኛ ደግሞ በልመና ስለሚገታ ቁጣ እንግዳ ሲመጣ የምንተርክ ሰዎች፣ በቀን ሦስቴ ተራምደናት እናልፋለን።

ገለልተኝነት ተመልሷል።

ለማነጻጸር ያህል፣ ፋይል አውራጁ አይዲኤም 30 ቀን ብቻ ይታገሣል። ከዚያ በተዋሰ ቁጥር የተመዘገበ እንደሆነ መስኮት ከፍቶ «በሐሰተኛ ሲሪያል ተመዝግበሃል» ብሎ በቤተሰብ ፊት ያዋርዳል። የሚገርመው በዚህ ቤት አይዲኤምን የሚወቅስ እንጂ ያፈረ አልታየም፤ ስድብ ጥፋትን ወደ ተሳዳቢው ያዞራልና። በዊንራር ግን ሦስተኛው ዓይነት አሁንም ትከሻውን እያዞረ ነው።

3.4.1.1 ስለ መተካት የተደረገ ሙከራ

ሰቨንዚፕ የሚባል በእውነት ነጻ የሆነ አለ። እሱም የሩሲያዊ ሥራ ነው፤ የኢጎር ፓቭሎቭ። ራር ፋይል ይፈታል፣ ምንም አይጠይቅም፣ ቀን አይቆጥርም። ተጫነ። ፋይሎቹን በደንብ ፈታ። ቤተሰቡም አልወደደውም። የቀረበው ቅሬታ «ምንም አይልም» የሚል ነው። አዛውንቱም በመጡ ጊዜ ባዶውን ስክሪን አይተው «ተቀየመ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ዊንራር በማግሥቱ ተመለሰ። ማይክሮሶፍትም በ2023 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 11 ራር በራሱ እንዲፈታ አድርጓል፤ ናሙናው ዊንዶውስ 7 ስለሆነ ይህ ወሬ አልደረሰውም፣ የነገረውም የለም።

3.4.1.2 ስለ መክፈል

ለሐቅ ሲባል፣ ለመክፈል የፈለገ ሰውም በቤቱ ነበር፤ ሦስተኛው ዓይነት። መግዣውን ተጫነ፣ ገጹም ዶላር የሚከፍል ካርድ ጠየቀው። የቤቱ የባንክ ካርድ ከማሽን ብር ያወጣል፤ ባሕር ተሻግሮ 29 ዶላር ማድረስ ግን አይችልም። ስለዚህ አለመክፈሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኃጢአት ወደ ውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ተዛውሯል፣ ትከሻውም ትንሽ ቀለል ብሎታል። አሜሪካ ያለ ዘመድ እንዲከፍል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ዘመድ ጫማ ይልካል፣ ስልክ ይልካል፣ መድኃኒት ይልካል። «የታጨቀ ፋይል መፍቻ ፈቃድ ላክልን» ተብሎ ለሰው እንዴት እንደሚጻፍ ግን የሚያውቅ አልተገኘም፤ ቢላክስ ሻንጣ ውስጥ አይታይ፣ ለጎረቤት አይታይ፣ ምኑ ተላከ ይባላል?

4. ፀረ ቫይረሶች

ስማዳቭ የኢንዶኔዥያ ነው። አረንጓዴ ነው። ሌላ ፀረ ቫይረስ ካለ ከእሱ ጋር አይጣላም። ይበቃል።

5. የፎቶ ማሳመሪያዎች

ሦስት መሆናቸው ተገልጿል።

6. ጨዋታዎች

ይህ ክፍል የጥናቱ ትልቁ እንዲሆን ታቅዶ፣ በአመጣጥ፣ በክራክና በእናት ቁጣ የሚደረግ ሰፊ ምደባ ተነድፎለት ነበር። መረጃ ለመሰብሰብ ግን ኮምፒውተሩ ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተሩን ልጆቹ ይዘውታል፤ እየተጫወቱ ያሉትም ሊጠና የታሰበውን ጨዋታ ነው። አጥኚው ሳይንስን ጠቅሶ ቢጠይቅም «ይቺን ብቻ እንጨርስና» ተብሏል። ተራ ይዟል።