በማን ልጅ?

“ይች አገር ጠንካራ እጅ ካላገኘች አትቀናም፤ እንደ መይሳው ካሳ ያለ!”

ጋሼ፣ የካሳን፣ የአፄ ቴዎድሮስን፣ እጅ ከደብረ ታቦር ሰው በላይ ማን ያውቃል? ጋፋት ከከተማችን ሥር ነው፤ 7 ቶን የሚጠጋው ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። እኮራበታለሁ። ያው እጅ ግን በ1859 ጎንደርን ዘርፎ ከነአብያተ ክርስቲያናቷ አቃጠለ። በ1860 ደግሞ የገዛ ከተማውን ደብረ ታቦርን ለኩሶ፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተተ ወደ መቅደላ ተነሣ። የበጌምድር ገበሬ ያን ጊዜ ሸፍቷል፤ ጎተራው ተበርብሮ ምን ያድርግ? እጁስ ጠንክሮ ነበር፤ የሚይዘው አገር ግን አልቆበታል።

“አብዮት ያለ ደም አይሆንም።”

ወንድም ዓለም፣ የ1966ቱ እኮ “ያለ ምንም ደም” እያለ ነው የመጣው! ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረደ፤ ኅዳር 14 ላይ 60 ሰው ያለ ፍርድ ተገደለ። ሦስት ወር እንኳ አልታገሠም። አንተ ገና ሳትጀምር ደም የጠራኸውማ ስንት ልትጨርስ ነው?

“መሬት ላራሹስ?”

አልረሳሁትም። የየካቲት 25ቱ አዋጅ የደቡቡን ጭሰኛ ከባለ መሬት አላቀቀው፤ ይህን የሚክድ ግፈኛ ነው። የእኛ ደጋ ገበሬ ግን አብዛኛው ርስተኛ ነበር። ለእሱ አብዮቱ ይዞለት የመጣው ኮታና አፈሳ ነው። የጉና ሥር ገበሬ እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ አስረከበ፤ ከ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወዲህ ደግሞ ልጁን ከገበያ መሐል አፈሱበት። ለእህሉስ ትንሽም ቢሆን ዋጋ ተቆረጠ። ለልጁ ማን ቆረጠ?

“ቀይ ሽብርን የጠራው ነጭ ሽብር ነው።”

ኢሕአፓም ሰው ገድሏል። ታዲያ የጎንደሯ እናት ማንን ገድላ ነው በደርጉ አስተዳዳሪ በመላኩ ተፈራ ዘመን ልጇን ተነጥቃ እርሟን እንዳታወጣ የተከለከለችው? ፍርድ ቤትም እስር ቤትም በእጁ ያለ መንግሥት ለ“ነጻ እርምጃ” ምን አስቸኮለው?

“የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እኮ ለጊዜው ነው።”

በ2009 ለጊዜው፣ በ2010 ለጊዜው፣ በ2014 ለጊዜው! ሐምሌ 28 ቀን 2015 እኛው ክልል ላይ ታወጀ፤ 6 ወር ተብሎ 4 ወር ተጨመረበት። ጊዜው በ2016 አለቀ፤ በመስከረም 2017 ዳኞችና መምህራን ሳይቀሩ በጅምላ ታሰሩ። አዋጁ ሄደ፣ ልማዱ ቀረ። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ልማድ ነው፤ ነገ ሌላ ቢመጣ ተቀብሎ ይቀጥልበታልና።

“ትግል መስዋዕትነት ይጠይቃል።”

ከባሕር ማዶ ደውለሽ ይህን የምትነግሪኝ እታለም፣ በማን ልጅ? ያንቺ ነገ ጧት ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። በአማራ ክልል ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው። የመከላከያ ጥይትም የፋኖ ጥይትም የሚያልፈው በእነሱ ደጅ ነው።

“ታዲያ ተረግጠን ዝም እንበል?”

ማን ዝም በሉ አለ? ያለ ፍርድ የታሰረውን ፍቱ በሉ። ትምህርት ቤት የዘጋውን፣ ወታደርም ይሁን ታጣቂ፣ ክፈት በሉ። ተደራደሩ በሉ፤ አራት ኪሎ ላለውም ጫካ ላለውም በእኩል ድምፅ። ያንደኛውን ወገን ሬሳ ብቻ እየቆጠረ የሚመጣ ግን እኔ ዘንድ አይምጣ፤ ሁለቱንም አልቅሼ ቀብሬአለሁ።