የዓይነ ውሃ ጥናት፦ መግቢያ

የሰውን ጠባይ ከፊቱ ላይ የማንበብ ጥበብ ትምህርት ቤት የለውም፤ በፈተና የወደቀበት ተማሪም የለም። በአገራችን ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ፊት ያነባል። ይህን ጥበብ በሥርዓት ለመመደብ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብል ግን ዋሸሁ። ዮሐን ካስፓር ላቫተር የተባለ የዙሪክ ቄስ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1775 እስከ 1778 ስለ ግንባር፣ ስለ አፍንጫና ስለ አገጭ በአራት ትልልቅ ቅጾች ጽፎ አውሮፓን አነጋግሯል። የላቫተር ጉድለት አንድ ነው፤ ዓይነ ውሃን አያውቅም።

ፊት በእኛ ሊቃውንት ዘንድ እንደሚከተለው ይመደባል።

ሀ. ግንባር። ባለቤቱ አንድ ሰው ሲሆን ጥቅሙና ጉዳቱ የሌላ ሰው ነው። ባለ ሱቁ በማለዳ ለመጀመሪያው ገዥ አንድ ክብሪት ሸጦ ቀኑን ሙሉ ገበያ ከደራለት «ግንባሩ ጥሩ ነው» ይላል። በማግስቱ ዝንብ ሲያባርር ከዋለም ጥፋቱ የማለዳው ገዥ ነው። ሁለቱም ቀን ክብሪት የገዛው ያው ሰው መሆኑ ጥናቱን አያናጋውም። (እግረ እርጥብ የሚባለው ዘርፍ ከፊት ስለሚርቅ ለእግር ተመራማሪዎች ትቼዋለሁ።)

ለ. አፍንጫ። እኛ ዘንድ ለቁንጅና እንጂ ለጠባይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ፈረንጅ ግን ያቀርበዋል። በፈረንጆች 1831 ቢግል የተባለችው መርከብ አዛዥ ሮበርት ፊትዝሮይ፣ የላቫተር ደቀ መዝሙር ነበርና፣ ወጣቱን ቻርልስ ዳርዊንን በአፍንጫው የተነሳ ሊመልሰው ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ አፍንጫ ይዞ ለረጅም ጉዞ የሚሆን ጉልበትና ቆራጥነት ይኖረዋል ብሎ አላመነም። ኋላ ሐሳቡን ለውጦ ወሰደው፤ አፍንጫውም አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዓለምን ዞሮ በደኅና ተመለሰ።

ሐ. ፍንጭት። ውበት ነው ተብሎ በዘፈን ስለተወሰነ ይግባኝ የለውም። እንለፈው።

መ. ዓይነ ውሃ። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቀመጥ።

ዓይነ ውሃ ዓይን ውስጥ ይገኛል፤ ውሃ ግን አይደለም። እንባም አይደለም። የዓይን ሐኪም በመብራት ቢፈልገው አያገኘውም፤ ቤት አከራይ ግን በአጥር ቀዳዳ ታየዋለች። ሲያምር ያየሁበት አጋጣሚም የለም። «ዓይነ ውሃህ አማረኝ» ብሎ ለማያውቀው ሰው ዋስ የሆነ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ይህ ፈሳሽ ተፈጥሮው ላለማማር ነው።

ግሡንም ልብ ይሏል። «ዓይነ ውሃው አላማረም» አይባልም፤ «አላማረኝም» ነው የሚባለው። ተከሳሹ በመነሻው ላይ ተገትሮ ሳለ፣ ፈራጁ መጨረሻ ላይ «ኝ» በምትባል አንዲት ፊደል ውስጥ ተሸሽጓል። አማርኛ ሐቀኛ ቋንቋ ነው፤ ጉዳዩ ከማን ጋር እንደሆነ አልደበቀም። የማናነበው እኛ ነን።

የዓይነ ውሃ ዝርያዎች ሦስት ናቸው።

መ-1. ቅድመ ነገር ዓይነ ውሃ። ሰውዬው አፉን ሳይከፍት የሚታይ ነው። ፍጥነቱን የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ በፈረንጆች 2006 ባወጡት ጥናት ለክተውታል፤ ሰዎች የማያውቁትን ፊት ለአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል አይተው ታማኝ ነው አይደለም ብለው ይፈርዳሉ። ጊዜ ሲጨመርላቸው ፍርዳቸው ብዙም አይለወጥም፤ የሚጨምረው እርግጠኝነታቸው ነው። ይህን የጎረቤቴ እናት ያለ ላቦራቶሪ ደርሰውበታል።

መ-2. ድኅረ ጥፋት ዓይነ ውሃ። በቁጥር ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። ሰውዬው የዕቁብ ብር ይዞ በጠፋ ማግስት ይፈልቃል፤ ከዚያ በፊት ጠብታ አልታየም። ዐሥር ዓመት አብሮት ቡና የጠጣ፣ ልጁን ክርስትና ያስነሳው ሁሉ ተነስቶ «እኔስ ድሮም ዓይነ ውሃው አላማረኝም ነበር» ይላል። ታዲያ ለምን አልነገርከንም ሲባል «ሰው ማማት እንዳይሆንብኝ» የሚል መልስ ይሰጣል። ሐሜትን በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የፈራው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

መ-3. የደላላ ዓይነ ውሃ። ኮሚሽን ሲከፈል ይጠራል።

ስለ መ-1 የራሴን ገጠመኝ በማስረጃነት አቀርባለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ልከራይ ደላላ አስከትዬ ሄድኩ። ሌሊቱን ጥርሴን ሲያመኝ ስላደረ ዓይኔ በርበሬ መስሏል። አከራይዋ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው አዩኝ። መታወቂያዬን ተቀብለው ጉርድ ፎቶውን ተመለከቱ፤ ፎቶው ደግሞ እኔኑ ሲመሰክርብኝ የተነሳ ይመስላል።

«ልጄ፣ ቤቱ ተይዟል።»

«አሁን አልነበረም እንዴ እማማ ባዶ ነው የተባልነው?»

«አሁን ተያዘ።»

ደላላው መንገድ ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እውነቱን ነገረኝ፤ ዓይነ ውሃዬ አላማራቸውም። ቤቱን ያገኘው ከእኔ ቀጥሎ የመጣ ፊቱ የተፈታ፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነበር።

በስምንተኛው ወር እማማን የሰፈሩ ሱቅ ደጃፍ አገኘኋቸው። ባለ ፈገግታው ተከራይ የሦስት ወር ኪራይና የመብራት ዕዳ ጥሎ፣ አምፖሉን ሳይቀር ነቅሎ በሌሊት ወጥቷል። ለባለ ሱቁ ሲያስረዱ ደረስኩ።

«እኔስ ድሮም ዓይነ ውሃው አላማረኝም ነበር» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር አሉ። ጥርሴ ከተነቀለ ሰንብቷል፤ ሌሊቱን ደኅና ተኝቻለሁ። ትንሽ አዩኝና «አሁን እንዲህ ያለ ፊቱ ጨዋ የሆነ ልጅ ጠፍቶ እኮ ነው!» ብለው ለባለ ሱቁ አሳዩኝ። አላስታወሱኝም።

በዚህ ጊዜ መ-4 እና መ-5ን ለማዘጋጀት የያዝኩትን ማስታወሻ ዘግቼ ቤቱ ባዶ መሆኑን ጠየቅሁ። ባዶ ነበር፤ ኪራዩ ግን ጨምሯል።

እነሆ በዚያ ቤት ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ወር ሲገባ እማማ ፊቴን ቀና ብለው አያዩም። ብሩን ተቀብለው ሁለቴ ይቆጥሩታል።